የትምህርት ቤት ልጆችን ዓይን ስለ መጠበቅና በየጊዜው ስለ ማስመርመር

በአገራችን ሰው የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ለማስረዳት በብርቱ ሲምል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይላል። ይህ መሐላ ቀላል መሐላ አይደለም። አባቶቻችን ዓይንን ማጣት ከጉዳት ሁሉ የከፋ መሆኑን ስላወቁ ለቃላቸው መያዣ አድርገው የመረጡት ዓይንን ነው። ነገር ግን በአፋችን ይህን ያህል የምናከብረውን ዓይን በሥራችን ስንጠብቀው አንታይም፤ ይልቁንም የልጆቻችንን ዓይን እጅግ ችላ ብለነዋል። ልጅ ጥርሱን ቢያመው ያለቅሳል፤ ሆዱን ቢቆርጠው ይናገራል፤ ዓይኑ ቀስ በቀስ ቢደክም ግን ዝም ይላል። ከተወለደ ጀምሮ በሌላ ሰው ዓይን አይቶ ስለማያውቅ ዓለም ለሰው ሁሉ እንደ እርሱ ደብዝዛ የምትታይ ይመስለዋልና።

ስለዚህ በዚህ ወር ለወልቂጤና ለቡታጅራ ከተሞች፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ላሉ ቀበሌዎች መምህራንና ወላጆች ስለ ልጆች ዓይን ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበናል። የምንናገረው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው አስተውሎ መመልከትን ነው።

ሰነፍ ተብሎ የተቀጣው ተማሪ

ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛው፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገን ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ዕድሜው 10 ዓመት የሆነ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ቁመቱ ከጓደኞቹ ዘለግ ያለ ስለ ነበረ የሚቀመጠው በመጨረሻው ወንበር ላይ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ የጻፉትን ሲገለብጥ ዓይኑን እየጨፈገገ አንገቱን ወደ ጎረቤቱ ደብተር ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት «ከሰው የሚቀዳ» ተብሎ ብዙ ጊዜ ተቀጥቷል፤ ከክፍልም እየወጣ በር ላይ እንዲቆም ተደርጓል። በቃል የተጠየቀውን ሁሉ በሚገባ ሲመልስ፣ በጽሑፍ ፈተና ላይ ግን ከሁሉ ያነሰ ማርክ ያገኛል። መምህሩም «ጭንቅላት አለው፤ ነገር ግን ሰነፍ ነው» ብለው ነገሩን።

እኛም ልጁን ጠርተን በ6 ሜትር ርቀት አቆምነውና የዓይን መለኪያ ምልክት አሳየነው። ትልቁን ምልክት እንኳ ወደየት እንደ ዞረ መናገር አልቻለም። ወደ 2 ሜትር ሲቀርብ ሁሉንም ያለ ስሕተት ነገረን። ወላጆቹ ወደ ዓይን ሕክምና ወስደውት መነጽር ታዘዘለት። መነጽሩን አድርጎ ወደ ትምህርት ቤቱ በተመለሰ ዕለት ከግቢው በር ማዶ ቆመና «ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ ዛሬ ነው የተጻፈው?» ብሎ መምህሩን ጠየቀ። የሚያነበው የትምህርት ቤቱን ስም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሲገባና ሲወጣ በላዩ ጽሑፍ መኖሩን አያውቅም ነበር።

መምህሩ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ነገር ግን ወቀሳው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። እኛም ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄደን ስለ ንጽሕና ለአንድ ሰዓት ያህል ንግግር አድርገን፣ ተጨብጭቦልን፣ የአንድም ልጅ ዓይን ሳንለካ ተመልሰናል። ያ ልጅ ያን ዕለት ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ይህን የምንናገረው ሌላው ሰው የእኛን ስሕተት እንዳይደግመው ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ በየክፍሉ አለ

ይህ ነገር በአንድ ልጅ ላይ ብቻ የደረሰ ልዩ ነገር እንዳይመስለን። በጉራጌ ዞን በጎሮ ወረዳ በገጠር ያሉ ልጆች ዓይናቸው ተመርምሮ ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ታትሟል። ከ100 ልጆች 3.5 ያህሉ መነጽር የሚያስፈልገው የእይታ ጉድለት ተገኘባቸው። ከእነዚህም የሚበዙት ቅርቡን እንጂ ሩቁን የማያዩ ናቸው። በደንብ ከማያዩት ልጆች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ችግራቸው በመነጽር የሚቃና ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ምርመራው በተደረገበት ጊዜ መነጽር ያደረገ አንድም ልጅ አለመገኘቱ ነው።

አንባቢ ይህን ቁጥር ወደ ክፍሉ አምጥቶ ያስላው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን የማያዩ ሁለት ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። መምህሩ ስማቸውን ያውቃል፤ የሚያውቃቸው ግን ምናልባት «ሰነፎች» በሚለው ስም ይሆናል።

የእይታ ጉድለት እንዴት እንደሚመጣ ባጭሩ እናስረዳ። ብርሃን በዓይን ብሌን በኩል ገብቶ ከዓይን በስተኋላ ባለው ስስ ግድግዳ ላይ ማረፍ አለበት። የዓይኑ እንክብል ከልኩ ጥቂት ረዝሞ እንደ ሆነ ሥዕሉ ከግድግዳው በፊት ያርፍና የሩቁ ነገር ይደበዝዛል። አጥሮ እንደ ሆነ ደግሞ በቅርብ ማንበብ ያደክማል። መነጽር ብርሃኑን በትክክለኛው ሥፍራ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሥራው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ «መነጽር ዓይንን ያደክማል፤ ካደረጉት አይለቅም» የሚባለው ነገር እውነት አይደለም። ክራንች እግርን እንደማያሽመደምድ ሁሉ መነጽርም ዓይንን አያጠፋም። «ሴት ልጅ መነጽር ካደረገች ባል አታገኝም» የሚሉም አሉ፤ ማንበብ ሳትችል የቀረች ልጅ የምታጣው ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን ወላጆች ያስቡበት።

መምህሩ በክፍሉ ሊያደርገው የሚችለው ምርመራ

እኛ በውጭ አገር ትምህርታችንን ስንከታተል ልጆች ትምህርት ቤት እንደ ገቡ ዓይናቸው ሲለካ እናይ ነበር። በእንግሊዝ አገር የተማሪዎች የጤና ምርመራ በሕግ የተደነገገው በ1907 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በአገራችን ለየትምህርት ቤቱ የዓይን ሐኪም መመደብ ገና የማይቻል ቢሆንም፣ የመጀመሪያውን ልኬት መምህሩ ራሱ ሊያደርገው ይችላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ነጭ ካርቶን ወስዶ በላዩ በጥቁር ቀለም፣ ጀርባውና ሦስት ጣቶቹ ቀጥ ያሉ፣ የንጉሡን ሠ የሚመስል ምልክት መሣል ነው። የምልክቱ ቁመትና ወርድ እኩል 17.5 ሚሊ ሜትር፣ የእያንዳንዱ መስመር ውፍረትና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ደግሞ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ልጁን በቂ የቀን ብርሃን ባለበት ሥፍራ በ6 ሜትር ርቀት ማቆም፤ አንዱን ዓይኑን ሳይጫን በመዳፉ እንዲሸፍን ማድረግ፤ ከዚያም ምልክቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞሩ ጣቶቹ ወደየት እንደ ዞሩ በእጁ እንዲያመለክት መጠየቅ ነው። ፊደል ያልለየ ልጅ እንኳ ይህን ማድረግ ይችላል። ከአምስት ጊዜ አራቱን በትክክል ካመለከተ ያ ዓይን አልፏል። ቀጥሎም ሁለተኛው ዓይን ለብቻው ይለካል። አንዱ ዓይን ደኅና ስለ ሆነ ብቻ የሌላው ድካም ሳይታወቅ የቀረባቸው ብዙዎች ናቸውና ሁለቱን አንድ ላይ መለካት አይበቃም።

በአንዱም ዓይን ቢሆን ያላለፈ ልጅ ስሙ ይመዝገብና ወላጆቹ ይነገራቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይላክ። እስኪታከምም ድረስ ወደ ፊተኛው ወንበር ይምጣ። ይህ ምንም ወጪ የሌለው መድኃኒት ነው። ስሙ ከተመዘገበ በኋላ ግን መዝገቡን በመሳቢያ ቆልፎ መተው ልጁን እንዳልመረመሩት ይቆጠራል። መምህሩ ከአንድ ወር በኋላ «ልጁ ታየ ወይ?» ብሎ ወላጆችን ይጠይቅ።

ከልኬቱም ሌላ መምህርና ወላጅ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። መጽሐፍ ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ፣ ሩቁን ለማየት ዓይኑን የሚጨፈግግ፣ ራሱን ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል፣ ካነበበ በኋላ ግንባሩን የሚያመው፣ ከኳስ ጨዋታ የሚሸሽ ልጅ ሁሉ ይመርመር። ዓይኑ ሸውራራ የሆነ ሕፃን «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ሊቆይ አይገባም። ያልተጠቀሙበት ዓይን ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነት እየደከመ ይሄዳል፤ ሕክምናው ከሁሉ የሚጠቅመውም ልጁ 7 ዓመት ሳይሞላው ነው። በሕፃን ዓይን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሊታደር አይገባም። ይህ የዓይን ሞራ ወይም ሕይወትን የሚያጠፋ የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።

ስለ ትራኮማ

በመነጽር የማይቃና፣ ነገር ግን በውሃ ሊከለከል የሚችል ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል ከ100ው 40ው ይህ በሽታ ንቁ ሆኖ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው የመድኃኒት እደላና የንጽሕና ትምህርት በብዙ ወረዳዎች ቁጥሩ ቢቀንስም፣ በሽታው ከአገራችን ገና አልጠፋም።

የትራኮማ ተሕዋስ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእጅ፣ ፊት በሚጠረግበት ነጠላና ፎጣ፣ እንዲሁም በዝንብ ነው። ዝንብ የምትመጣው ዓይናር ወዳለበት ፊት ነው፤ የምትፈላው ደግሞ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ በጓሮ ያለ ሽንት ቤትና በማለዳ የታጠበ ፊት የአንድ ሥራ ሁለት እጆች ናቸው። ተሕዋሱ አንድ ጊዜ ይዞ የሚለቅ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ልጁን ደጋግሞ ስለሚይዘው የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው በብዙ ዓመት ውስጥ ቆቡን ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን በየቅንድብ ምቱ ይፍቀዋል።

በገበያ ቀን ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚሄዱ እናቶችን ያላየ አንባቢ አይኖርም። የሚነቅሉት ያን የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ነው። ፀጉሩ ግን ተነቅሎ ይመለሳል፤ ሲመለስም አጭርና እንደ እሾኽ የሚወጋ ነው። እነዚህ እናቶች በሽታው የያዛቸው በልጅነታቸው ነው፤ ልጅ በማሳደግ ላይ ሳሉም እንደገና ከልጆቻቸው ይወስዱታል። ስለዚህ ሴቶች በዚህ ጉዳት ከወንዶች ይበልጥ ይጎዳሉ። የተቀለበሰውን ቆብ ለማቅናት አጭር ቀዶ ጥገና አለ፤ ወረንጦ የያዘች እናት ያለው ሁሉ ወደዚህ ሕክምና ያድርሳት።

በአውሮፓም ትራኮማ ብዙ ሰው አውሯል። በለንደን ከተማ ታዋቂ የሆነው የሞርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል በ1805 የተመሠረተው፣ ወታደሮች ከግብፅ ዘመቻ ይዘውት በተመለሱት የዓይን በሽታ ምክንያት ነው። ሆኖም በሽታው ከአብዛኛው አውሮፓ የጠፋው ዘመናዊው መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ነው፤ ያጠፉትም የቧንቧ ውሃ፣ ሽንት ቤትና የሰፋ መኖሪያ ናቸው። በአፍሪካም ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዳቸውን የዓለም የጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል። እነርሱ የቻሉትን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም።

ውሃ ከሩቅ የሚቀዳበት ቤት «ለፊት የሚሆን ውሃ ከየት ይምጣ?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ለፊት የሚያስፈልገው ውሃ አንድ ኩባያ እንኳ አይሞላም። ከታች የተበሳ አሮጌ ጀሪካን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቢሰቀልና በማለዳ ተራ ቢያዝ፣ ጥቂት ሊትር ውሃ የአንድን ክፍል ልጆች ፊት ያጥባል። መምህሩ ደብተር ከመመልከቱ በፊት ፊት ቢመለከት ትራኮማ በዚያ ክፍል ውስጥ መኖሪያ አያገኝም። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን በየቀበሌው በሚታደልበት ቀንም ከቤተሰቡ አንድም ሰው መቅረት የለበትም፤ ሳይውጥ የቀረው አንዱ ሰው ለሌሎቹ በሽታውን ይመልሰዋልና።

ዳፍንትና የጓሮው ጎመን

ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ዶሮ ማየት የሚሳነው፣ በራሱ ቤት ውስጥ ዕቃ የሚያደናቅፈው ሕፃን ዳፍንት ይዞታል እንላለን። የዳፍንት ዋነኛ ምክንያት ቫይታሚን ኤ የተባለው የምግብ ክፍል ማነስ ነው። ቸል ከተባለ የዓይኑ ፊት ይደርቃል፤ ይቆስላል፤ በመጨረሻም ይጠፋል። በተለይ ልጁ ኩፍኝ በያዘው ጊዜ ይህ ጉዳት በጥቂት ቀን ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ስለዚህ የኩፍኝ ክትባት የዓይንም ክትባት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በጉራጌ ምድር የእንሰት ተክል ሕዝቡን ከረኃብ የጠበቀ ታላቅ ሀብት ነው። ቆጮና ቡላ ለሰውነት ብርታት ይሰጣሉ፤ ቫይታሚን ኤ ግን በውስጣቸው እጅግ ጥቂት ነው። የጎደለውን የሚሞላው ራሱ የአገሩ ማዕድ ነው። ከእንሰቱ ሥር በጓሮ የሚበቅለው ጎመን በቅቤ ተለውሶ ከአይብ ጋር ሲቀርብ ለዓይን የሚሆን ምግብ ነው፤ ቅቤውም ሰውነት ከጎመኑ የሚያገኘውን እንዲያበዛ ይረዳዋል። ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎ፣ እንቁላልና ጉበትም እንዲሁ ናቸው። የሚያሳዝነው ነገር ጎመኑ ለእንግዳና ለበዓል ቀርቦ፣ ለሕፃኑ ግን ቆጮው ብቻ የሚሰጥበት ቤት መኖሩ ነው። ከዚህም ጋር ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ በጤና ባለሙያ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታ ይውሰዱ።

ሊደረጉ የማይገባቸው ነገሮች

የታመመ ዓይን ላይ የቅጠል ጭማቂ፣ የጡት ወተት ወይም ሽንት መጨመር ቁስሉን መርዞ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። ለሕፃን ዓይን ኩል መኳልም መተው አለበት፤ አንዳንዱ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን አለበት። ከማረቆ የመጣውን በርበሬ ስትቀነጥስ ወይም ስትደልዝ የዋለች እናት እጇን በሳሙና ሳትታጠብ የልጇን ፊት አትንካ። ልጆች በእንጨትና በእሾኽ ሲጫወቱ የተወጋ ዓይን ሳይታሽና ሳይጫኑት ተሸፍኖ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ። አመድ፣ ኖራ ወይም ሌላ የሚያቃጥል ነገር ገብቶ እንደ ሆነ ግን ከሁሉ በፊት በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይታጠብ።

በከተማ ውስጥ ሌላም ጥፋት እየተስፋፋ ነው። ዓይኑ የሚያሳክከው ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት መደብር የዓይን ጠብታ ይገዛለታል፤ ማሳከኩ ስለሚቆም ለወራት ይደጋገማል። አንዳንዱ ጠብታ ግን ስቴሮይድ ያለበት በመሆኑ ቀስ በቀስ የዓይን ግፊትና የዓይን ሞራ ያመጣል። እንዲሁም ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚመለከት ልጅ ሩቁን የማየት ኃይሉ የመድከም አደጋ አለበት። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል በውጭ በፀሐይ ብርሃን መጫወት ይህን አደጋ እንደሚቀንስ ጥናቶች አረጋግጠዋል። የጀፎሮው ሜዳ ለዚህ የተመቸ ነው።

ምርመራው መቼ ይሁን?

ልጅ ሲወለድ አዋላጇ ዓይኑን ትመልከት፤ የዓይን ቅባትም ይደረግለት። ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ይለካ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይመርመር። መነጽር ያደረገ ልጅም እያደገ ሲሄድ ዓይኑ ስለሚለወጥ በየዓመቱ ይታይ።

ለዚህ እኛ የምንመርጠው ወራት መስከረም ነው። ትምህርት የሚጀመረው በዚህ ወር ነው። ለመስቀልም ከአዲስ አበባና ከየከተማው የጉራጌ ተወላጅ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። ቤተሰብ በአንድነት የሚሰበሰብበትን ጊዜ የልጆችን ዓይን ለማስመርመር መጠቀም መልካም ነው። ከከተማ የሚመጣው ወንድምና አጎት ለልጆቹ ልብስና ከረሜላ ሲያመጣ፣ ከዚያ ጋር ሳሙና ያምጣ፤ መነጽር የታዘዘለት ልጅ ካለም ዋጋውን ይክፈልለት። ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያሠራ፣ ትምህርት ቤት የከፈተ ሕዝብ፣ በዚያ መንገድ ተመላልሶ በዚያ ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ሰሌዳውን እንዲያይ ማድረግ አያቅተውም።

ሕክምናውም ሩቅ አይደለም። በቡታጅራ ከተማ የግራርቤት የዓይን ሆስፒታል አለ። በወልቂጤና በየወረዳው ያሉ ወላጆችም በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያቸው ሄደው ቢጠይቁ ወደሚገባው ሥፍራ ይላካሉ።

አንባብያን ሆይ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቃለን። ነገ ጠዋት መምህሩ ወደ ክፍሉ ሲገባ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻውን ወንበር ይመልከት። ዓይኑን እየጨፈገገ አንገቱን ወደ ጎረቤቱ የሚያዘነብል ልጅ ካለ አይቆጣው፤ ወደ ፊት ያምጣውና 6 ሜትር ይለካለት።